ድርጅቶች ሲሸጡና ሲዋሃዱ ሐዋሳ ምን ይደርሳታል?

በአገራችን አንድ ትልቅ ድርጅት ለሌላው ተሸጠ ወይም ከሌላው ጋር ተዋሃደ የሚል ዜና ሲሰማ ቀድሞ የሚጠየቀው ‹‹በስንት ተሸጠ?›› የሚለው ነው፡፡ ቀጥሎ ‹‹ማን ገዛው?›› ይባላል፡፡ ፋብሪካው ወይም ቅርንጫፉ የቆመበት ከተማ ከዚህ ግብይት ምን አገኘ፣ ምንስ አጣ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም፡፡ ስምምነቱ የሚፈረመው በአዲስ አበባ፣ በፓሪስ፣ በለንደን ወይም በኒውዮርክ ሲሆን፣ ውጤቱ የሚታየው በፋብሪካው በር፣ በአከፋፋዩ መጋዘንና በከተማው ገቢዎች መዝገብ ላይ ነው፡፡

ሐዋሳ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ናት፡፡ ከአዲስ አበባ በ275 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የቢራና የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች፣ ግዙፍ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲና በርካታ የባንክ ቅርንጫፎች አሏት፡፡ የአብዛኞቹ የንግድ ድርጅቶች ባለቤትና ውሳኔ ሰጪ ግን ከተማዋ ውስጥ የለም፡፡ የድርጅት መሸጥ ወይም መዋሃድ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፡፡ ለመካከለኛ ከተማ ወሳኙ ጉዳይ ከግብይቱ በኋላ ውሳኔው የት ይቀመጣል፣ ቃል የተገባውስ በጽሑፍ ሰፍሯል ወይ የሚለው ነው፡፡

ውህደት የጠቀመበት ጊዜ

ሐዋሳ ከውህደት የተጠቀመችበት ጊዜ አለ፡፡ በ1992 ዓ.ም. የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላ መምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተዋህደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ማዕከሉ ሐዋሳ ሆነ፡፡ በኋላ ዲላ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲለይ ተቋሙም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፡፡ በተማሪውና በመምህሩ ዙሪያ የተፈጠረው የቤት ኪራይ፣ የምግብ ቤት፣ የጽሕፈት መሣሪያና የትራንስፖርት ሥራ ለከተማዋ የማይናቅ ገበያ ነው፡፡

የተገላቢጦሹንም ከተማዋ ታውቀዋለች፡፡ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆና ቆይታ፣ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ በኋላና ነባሩ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. እንደገና ሲደራጅ፣ ቢሮዎችና ሠራተኞች ወደ ሌሎች ከተሞች አቅንተዋል፡፡ ይህ የንግድ ግብይት ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፡፡ ዋና መሥሪያ ቤት የሚመጣበት ውህደት ከተማ ያሳድጋል፤ የሚሄድበት ደግሞ ያጎድላል፡፡

ከቢራ ፋብሪካዎች ሽያጭ የምንማረው

የሐዋሳ የመጠጥ ኢንዱስትሪ ታሪክ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለው፡፡ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን የሆነው ቢጂአይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ከመንግሥት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር፡፡ የሐዋሳው ቢራ ፋብሪካ የተገነባው ከዚያ ግዥ በኋላ፣ ኩባንያው ገበያውን ሲያሰፋ ነው፡፡ ሞሐ የለስላሳ መጠጦች ኢንዱስትሪም እ.ኤ.አ. በ1996 የንፋስ ስልክን፣ የተክለ ሃይማኖትን፣ የጎንደርንና የደሴን ፋብሪካዎች ከመንግሥት ተረክቦ የተነሳ ሲሆን፣ የሐዋሳው ሚሊኒየም ፋብሪካ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ሁለቱም ባለቤቶች መጀመሪያ በሌላ ከተማ ያለ ፋብሪካ ገዙ፤ ቀጥሎ በሐዋሳ አዲስ ገነቡ፡፡ ‹‹ግዥ ሁሉ ሥራ ያጠፋል›› የሚለው አነጋገር በሐዋሳ ታሪክ አይደገፍም ማለት ነው፡፡

ይሁን እንጂ ዘመኑ ተቀይሯል፡፡ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፡፡ የእንግሊዙ ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ፡፡ ከአሥር ዓመት በኋላ ዲያጆ ወጥቶ በ2014 ዓ.ም. ሜታን ለካስቴል ሲሸጥ፣ የሰበታው ፋብሪካ ከኮምቦልቻውና ከሐዋሳው ጋር በአንድ ባለቤት ሥር ሆነ፡፡ የመጀመሪያው ዓይነት ግዥ አዲስ ገበያ የሚከፍት ነበር፡፡ የኋለኛው ግን በአንድ ገበያ ውስጥ ያለን ተፎካካሪ መጠቅለል ነው፡፡ የተዘጋጀ ፋብሪካ የገዛ ኩባንያ ሌላ ለመገንባት አይቸኩልም፡፡ ገበያው ሲቀዘቅዝ ወይም የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋም የትኛውን መስመር አሠርቶ የትኛውን እንደሚያሳርፍ የመምረጥ ዕድል አለው፡፡

ይህ ማለት የሐዋሳው ፋብሪካ አደጋ ላይ ነው ማለት አይደለም፡፡ የደቡብ ገበያ ሰፊ ነው፤ ቢራ ደግሞ ከባድ ዕቃ በመሆኑ በጠርሙስና በሳጥን ሩቅ መንገድ ማጓጓዝ አያዋጣም፡፡ ይህ ርቀት ከማንኛውም የቃል ተስፋ የተሻለ ዋስትና ነው፡፡ ሆኖም በፋብሪካው ዙሪያ ያሉትን ማሰብ ተገቢ ነው፡፡ ሁለት የቢራ ምርቶች በአንድ ባለቤት ሥር ሲገቡ ለየምርቱ የተለየ አከፋፋይ መያዝ ትርፍ ወጪ ይሆናል፡፡ ለጭነት መኪናና ለመጋዘን ከባንክ የተበደረው ወኪል ውሉ ባይታደስ ዕዳው አብሮት ይቀራል፡፡ ከፋብሪካ የሚወጣውን ተረፈ ምርት ገዝቶ ላም የሚቀልበው የከተማ ወተት አምራችም በሽያጭ ውሉ ላይ ስሙ የለም፡፡

ባለቤቱ ሩቅ ሲሆን

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ 60 ሺህ ያህል ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ነበር፡፡ ዋናው ስበት የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ሲሆን፣ ሌሎች አምራቾችም እርሱን ተከትለው ገብተዋል፡፡ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች በጦርነቱ መባባስ ምክንያት የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፡፡ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት አገደች፡፡

ይህ መዘጋት እንጂ ሽያጭ አይደለም፡፡ ነገር ግን ከተማዋ ስለ ሩቅ ባለቤት የተማረችው ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፡፡ ውሳኔው የተሰጠው በኒውዮርክ ሲሆን፣ ምክንያቱ የሐዋሳ ሠራተኛ ምርታማነት ማነስ ወይም የከተማው አስተዳደር ስህተት አልነበረም፡፡ ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች መጥተው በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ወጣት ሴቶች፣ ለእነርሱ ብለው ሰርቪስ ቤት የሠሩ አከራዮችና በር ላይ ሻይና ዳቦ የሚሸጡ እናቶች ግን የውሳኔው ተካፋይ ሆነዋል፡፡

ተረኞቹ ባንኮች

ቀጣዩ የውህደት ማዕበል የሚጠበቀው ከባንኮች ነው፡፡ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ፣ ነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉ አዘዘ፡፡ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የፀደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ በሩን ለውጭ ባንኮች ከፈተ፤ የውጭ ዜጎችና ድርጅቶች በአገር ውስጥ ባንክ የሚኖራቸው ድርሻ በጠቅላላው ከ49 በመቶ እንዳይበልጥም ገደበ፡፡ ካፒታል መጨመር ያቃተው ባንክ መዋሃድን ማሰቡ ግድ ነው፡፡

ውህደት ለአስቀማጩ መልካም ሊሆን ይችላል፡፡ ጠንካራ ባንክ በቀላሉ አይናወጥም፡፡ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲጠቃለል የደንበኞች ገንዘብ አልጠፋም፤ ሠራተኞቹም ወደ ንግድ ባንክ ተዛውረዋል፡፡ በሐዋሳ ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት፡፡

አንደኛው የቅርንጫፍ መደራረብ ነው፡፡ በፒያሳና በዋናው አስፋልት ግራና ቀኝ የብዙ ሕንፃዎች ምድር ቤት ተከራይ ባንክ ነው፡፡ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቅርንጫፎች የአንድ ባንክ ሲሆኑ አንዱ መዘጋቱ አይቀርም፡፡ በባንክ ብድር ሕንፃ ሠርቶ በባንክ ኪራይ ብድሩን የሚከፍል ባለሀብት ይህን ከወዲሁ ማስላት ይኖርበታል፡፡

ሁለተኛውና ከባዱ የብድር ውሳኔ ነው፡፡ ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋምነት ወደ ባንክነት ያደጉት ኦሞ ባንክና ሲዳማ ባንክ የባንክ ሥራ የጀመሩት ዋና መሥሪያ ቤታቸውን በሐዋሳ አድርገው ነው፡፡ የእነዚህ ተቋማት ዋና ሀብት ደንበኛን በስምና በሥራው ማወቅ ነው፡፡ በቡድን ዋስትና አነስተኛ ብድር የሚወስድ ገበሬ ወይም ነጋዴ የቤት ካርታ የለውም፤ ያለው ጎረቤት የሚመሰክርለት ታማኝነት ብቻ ነው፡፡ ተቋሙ ሲገዝፍና ብድር ማፅደቂያው ከሐዋሳ ሲርቅ ይህ ምስክርነት በቅጽ ላይ የሚሞላ ነገር አይሆንም፡፡

ግብሩ ወዴት ይሄዳል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 በግል ድርጅት ተቀጣሪዎች ላይ የሚጣለውንና ከግለሰብ ነጋዴዎች የሚሰበሰበውን የገቢ ግብር ለክልሎች ይሰጣል፡፡ አንቀጽ 98 ደግሞ የኩባንያዎችን የትርፍ ግብርና የባለአክሲዮኖችን የትርፍ ድርሻ ግብር የፌዴራልና የክልል የጋራ ገቢ ያደርገዋል፡፡

ይህ ለሐዋሳ ቀጥተኛ ትርጉም አለው፡፡ አንድ የሐዋሳ ግለሰብ ነጋዴ የሚያስተዳድረውን ሆቴል ወይም የዱቄት ፋብሪካ ለአክሲዮን ማኅበር ሲሸጥ፣ ሥራው ባይቀነስ እንኳን የትርፍ ግብሩ ከክልል ገቢነት ወደ ጋራ ገቢነት ይዞራል፡፡ ሠራተኛ ሲቀነስ ደግሞ የሚጎድለው ሙሉ በሙሉ የክልሉ የነበረው የደመወዝ ግብር ነው፡፡ ‹‹ኢንቨስትመንት መጣ›› ተብሎ በሚጨበጨብበት ዕለት የክልሉ ገቢ በተቃራኒው ሊቀንስ ይችላል፡፡

ሠራተኛውና ሕጉ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅት መቀላቀል፣ መከፋፈል ወይም ወደ ሌላ ባለቤት መዛወር የሥራ ውልን እንደማያቋርጥ ይደነግጋል፡፡ ይህን ብዙ ሠራተኛ አያውቀውም፡፡ አዲሱ ባለቤት ‹‹እኔ አልቀጠርኳችሁም›› ማለት አይችልም፡፡ ነባር የአገልግሎት ዘመንም ይቆጠራል፡፡

ከዝውውሩ በኋላ በሕግ መሠረት ሠራተኛ መቀነስ ግን ይቻላል፡፡ ለምሳሌ በወር 4,000 ብር እየተከፈለው ስድስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢቀነስ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት በየዓመቱ የዚህን አንድ ሦስተኛ፣ በተጨማሪም የ60 ቀን ደመወዝ ያገኛል፡፡ ድምሩ 18,667 ብር ገደማ ነው፡፡ ይህ ገንዘብ አዲስ ሥራ እስኪገኝ ስንት ወር የቤት ኪራይና ቀለብ እንደሚችል አንባቢ ያስላው፡፡

የውህደቱን ሕጋዊነት የሚመዝነው ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው፡፡ መለኪያው ገበያውን ያጠባል ወይ፣ ውድድርን ይጎዳል ወይ የሚል ነው፡፡ አስፈላጊ መለኪያ ነው፤ ፋብሪካው ያለበትን ከተማ ግን አይጠይቅም፡፡ አስገራሚው ነገር ውህደትን ይቆጣጠር የነበረው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ራሱ በ2014 ዓ.ም. በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ውስጥ መጠቃለሉ ነው፡፡

ሌሎች ምን ገጠማቸው?

የቤልጂየሙ ኢንቤቭ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካውን አንሃይዘር ቡሽ በ52 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ የሴንት ሉዊስ ከተማ ጠመቃው ቀረላት፤ የዓለም አቀፉ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ግን ቤልጂየም ሆነ፡፡ በዚያው ዓመት 1,400 ያህል ሠራተኞች እንደሚቀነሱ ሲገለጽ ሦስት አራተኛ ያህሉ በሴንት ሉዊስ የሚሠሩ ነበሩ፡፡ በእንግሊዝ ክራፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ካድበሪን ከመግዛቱ በፊት ብሪስቶል አጠገብ የሚገኘውን የሶመርዴል ፋብሪካ ከመዘጋት እንደሚያተርፍ ተናግሮ ነበር፡፡ ግዥው እንዳለቀ በቀናት ውስጥ እንደሚዘጋው አስታወቀ፡፡ የአገሪቱ የኩባንያ ግዥ ተቆጣጣሪ ኩባንያውን ወቀሰ፤ ደንቡም በቀጣዩ ዓመት ጠበቀ፡፡ ወቀሳው ግን ፋብሪካውን አልከፈተውም፡፡

ምን ይደረግ?

ግዥና ውህደትን መከልከል መፍትሔ አይደለም፡፡ ካፒታል ያጠረው ድርጅት ገዢ ካላገኘ ዕጣው መዘጋት ነው፤ የተዘጋ ፋብሪካ ደግሞ ከተሸጠ ፋብሪካ የባሰ ነው፡፡ ሊደረግ የሚገባው ከተማዋ ከግብይቱ ጠረጴዛ እንዳትርቅ ማድረግ ነው፡፡

የንግድ ሚኒስቴር ውህደት ሲመረምር ድርጅቱ የሚሠራበትን ክልል አስተያየት መጠየቅና ገዢው ስለ ሠራተኛ፣ ስለ አከፋፋይና ስለ አቅራቢ ውሎች ያለውን ዕቅድ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ማስገደድ አለበት፡፡ የከተማው አስተዳደርም በእያንዳንዱ ትልቅ ድርጅት ላይ ስንት ሠራተኛ፣ ስንት አቅራቢና ምን ያህል ግብር እንደተንጠለጠለ የሚያሳይ መዝገብ ይኑረው፡፡ ምን እንዳለው የማያውቅ ከተማ ምን እንዳጣ ሊናገር አይችልም፡፡

የመጨረሻው ጉዳይ ባለቤትነት ነው፡፡ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፡፡ የሐዋሳ ነጋዴ፣ ሐኪም፣ መምህርና የሲዳማ ቡና ላኪ ቁጠባቸውን በሙሉ በመሬትና በሕንፃ ላይ ከማፍሰስ ጥቂቱን በሚሠሩባቸውና በሚገበያዩባቸው ድርጅቶች አክሲዮን ላይ ቢያውሉ፣ ቢያንስ በጠቅላላ ጉባዔው ላይ እጅ የሚያወጣ ሰው ከተማዋ ይኖራታል፡፡ ሐዋሳ እስካሁን ፋብሪካዎችን ለመሳብ መሬት፣ መብራትና ሰው አቅርባለች፡፡ ባለቤቶቻቸው ሲለዋወጡ የምትጠየቅበትን መንገድ ግን ገና አላበጀችም፡፡