ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ አንድ አይደሉም

እንደሚታወቀው በማንቡክና በአካባቢዋ ቤት የሚሠራበትም የሚታደስበትም ጊዜ በጋ ነው። ሰሊጡ፣ ለውዙ፣ አኩሪ አተሩ ተሽጦ ገንዘብ እጅ ይገባል፤ ክረምቱ ደግሞ ገና ነው። ስለዚህ እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ጣራ ይቀየራል፣ ግድግዳ ይለሰናል፣ ወለሉ ሊሾ ይሆናል። በነዚሁ ወራት ታዲያ ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይሰማል። ባለቤቱ «ብሩን ተቀብሎ ጠፋ» ይላል። ባለሙያው በበኩሉ «ሠርቼ ስጨርስ ዛሬ ነገ እያለ ከለከለኝ» ይላል። ለመሆኑ ጥፋቱ የማነው? ገንዘቡስ መከፈል ያለበት ከሥራው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

በእኔ አስተያየት ለዚህ ጭቅጭቅ አንዱ ትልቅ ምክንያት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራታችን ነው። ቀድሞ የተሰጠውን ብር ሁሉ «ቀብድ» እንለዋለን። ቀብድ ግን አንድ ነገር ነው፤ ለሥራው የሚሰጥ ቅድሚያ ክፍያ ሌላ ነገር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሚከፈለው ሂሳብ ላይ ይታሰባል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ልብ በሉ፣ እጥፍ ነው! ቅድሚያ ክፍያ ግን ይህ ቅጣት የለበትም። ሥራው ካልተሠራ ገንዘቡን ማስመለስ፣ ጉዳት ከደረሰም አስረድቶ ካሳ መጠየቅ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባለቤቱ ከጠቅላላው ዋጋ ሦስት እጁን ከፍሎ በወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ብሎ ቢጽፍና በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ቀርቶበት ሊከራከር ነው። ባለሙያውም ለቆርቆሮና ለሚስማር የተቀበለውን ብር «ቀብድ ነው» ብሎ ከፈረመ በኋላ ሥራውን ቢተው የእጥፍ ዕዳ ሊጠየቅ ነው። ሁለቱም ሳያውቁ ገመድ አንገታቸው ላይ ያስገባሉ ማለት ነው።

ለመሆኑ ቀድሞ መክፈል ከየት መጣ? ቤት በሽመል፣ በእንጨትና በሳር በሚሠራበት ጊዜ ዕቃው ከጫካ፣ ጉልበቱ ከጎረቤት ነበር። ደቦ ወይም ወንፈል ተጠርቶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ቤቱ ይቆማል። ዛሬ የረዳህን ነገ ትረዳዋለህ፤ ዕዳው የሚከፈለው በጉልበት ነው። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዕቃው በብር የሚገዛ፣ በጭነት መኪና የሚመጣ ሆነ። ባለሙያውም ጎረቤት መሆኑ ቀርቶ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ዕቃውን ማን ይግዛ?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

አብዛኛው አናጢና ግንበኛ የራሱ መነሻ ገንዘብ የለውም። በበጋ ሥራ ስለሚበዛ ከሦስት ከአራት ሰው ብር ይቀበላል። የመጀመሪያው ሰው ዕቃ ዋጋው ጨምሮ ሲያጥር ከሁለተኛው ሰው ብር ይሞላል፤ የሁለተኛውን በሦስተኛው። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በአንድ ወር ዋጋ ተዋውሎ በሌላ ወር ዕቃ መግዛት ምን ያህል እንደሚያከስር ሁላችንም አይተናል። ዝናቡ ሲመጣ አንዱ ቤት ክፍቱን ይቀራል። ባለሙያውም ስልኩን ያጠፋል። ይሄ ሰው ከመጀመሪያው ሌባ ላይሆን ይችላል፤ የሰው ገንዘብና የሰው ገንዘብ ተቀላቅሎበት ነው። ጣራ አልባ ለቀረው ቤተሰብ ግን ውጤቱ ያው ነው።

ሌላውስ እንዴት ያደርጋል? በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥ መመሪያ ለተቋራጭ የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ያውም ተመጣጣኝ ዋስትና ተይዞ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ የቤት ማሻሻያ ተቋራጭ ሊቀበል የሚችለው ቅድሚያ ከዋጋው 10 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። መንግሥት ያለ ዋስትና የማያደርገውን፣ ሀብታም አገር በሕግ የገደበውን፣ የእኛ ሰው የዓመት ሰሊጡን ሸጦ ያለ አንዲት ወረቀት ያደርገዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ብሎ ምንም አለመክፈል መፍትሔ አይደለም። ባለሙያውም ልጆች አሉት፤ ባዶ ሆዱን ጣራ ላይ አይወጣም። እኔ የምለው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ይግዛ። ባለሙያው ዝርዝሩን ይጻፍ፣ ሱቅ ድረስ አብሮ ሄዶ ይምረጥ፤ ብሩን ግን ባለቤቱ ለነጋዴው ይክፈል። እንዲህ ከሆነ ትልቁ ገንዘብ በባለሙያው እጅ አያልፍም፣ የዋጋ ጭማሪውም እሱን አያከስረውም።

ሁለተኛ፣ የእጅ ዋጋው በሥራው ደረጃ ይከፈል። ለምሳሌ ጣራ ለመቀየርና ግድግዳ ለመለሰን የእጅ ዋጋው 40,000 ብር ነው እንበል። 4,000 ቀብድ፤ የድሮው ጣራ ወርዶ አዲሱ ወራጅና ማገር ሲመታ 10,000፤ ቆርቆሮው ሲለብስ 10,000፤ ልስኑ ሲያልቅ 10,000፤ የቀረው 6,000 ጣራው እንደማያፈስ ሲረጋገጥ። ሥራው በየካቲት ካለቀ ባለሙያውን ዝናብ እስኪመጣ ማስጠበቅ ግፍ ነው፤ ጣራው ላይ ውኃ አፍስሶ መሞከር ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ነገር ይጻፍ። የትኛው ብር ቀብድ፣ የትኛው ለሥራ እንደሆነ ተለይቶ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ለዘመድም ቢሆን! «ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ» የተባለው በከንቱ አይደለም።

«በእኛ አገር ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አይጠፉም። በ2012ና በ2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ በነበረው ግጭት ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የተጀመረ ሥራ ይቋረጣል፣ ባለሙያውም ባለቤቱም ሊሰደድ ይችላል። ሕጉም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም ያልፈጸመውን ሰው ከካሳ ነፃ ያደርገዋል። የተከፈለውና የተሠራው ግን መተሳሰብ አለበት። ወረቀት ካለ ሰው ሲመለስ ሂሳቡን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ከሌለ ግን «ይህን ያህል ሰጥቼሃለሁ»፣ «አልሰጠኸኝም» ይጀመራል። በቅርቡ ሰላም ባገኘ ሰፈር ይህ ጭቅጭቅ የሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ላይቀር ይችላል።

ለእኛ ለትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች ነገሩ ከዚህም ይቀርባል። ነገ ተመርቀን ስንወጣ ብር ተቀባዮቹ እኛ ነን። ቢል ኦፍ ኳንቲቲ ማውጣት፣ የዕቃ መጠን መገመት እየተማርን ነው። አንድ ገጽ የሥራ ውል መጻፍ፣ ደረሰኝ መስጠት፣ የአንዱን ደንበኛ ብር ከሌላው ለይቶ በደብተር መያዝ ግን በተግባር አልተለማመድንም። መምህራኖቻችን በተግባር ልምምዱ ጊዜ ይህን ቢጨምሩልን ከሁለት ቀን በላይ አይወስድም።

ማንቡክ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ጣራ ክፍቱን ትቶ የሄደ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ግልገል በለስ ይደርሳል። በሰዓቱ የጨረሰም እንዲሁ። ስለዚህ የተማረ ባለሙያ ከሌላው የሚለየው በዲፕሎማው ብቻ አይሁን፤ «ሁሉን ክፈለኝ» በማለት ፈንታ «ዕቃውን አንተ ግዛ፣ እኔን እንደ ሥራዬ ክፈለኝ» በማለቱ ይለይ።