«ፍቀድ» ከማለታችሁ በፊት

ከቴሌግራም ያወረድነውን መተግበሪያ ልንጭን ስንል ስልካችን «ምንጩ አይታወቅም» ብሎ ያስጠነቅቀናል። እኛስ? ሳናነብ «ፍቀድ»! እኔም እንደዛው ነበርኩ፤ ላፕቶፔ እስኪያስተምረኝ ድረስ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ ሁለት ቀን ቀርቶኛል። ላፕቶፔ የሚሠራው በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። የአንድ ፕሮግራም አዲስ ስሪት አማረኝና ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋትን መስመር ገልብጬ የምንጮች ዝርዝር ውስጥ ለጠፍኩ። ሲስተሙ «ፊርማውን ማረጋገጥ አልቻልኩም» አለኝ። ለዚህም መላ አልጠፋም፤ «ትረስትድ ዬስ» ብለህ ጨምርበት የሚል ምክር አገኘሁ። ጨመርኩ። ለካ መስመሯ የተጻፈችው ለሌላ የኡቡንቱ ስሪት ነው! ማሽኑ ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ ቀላቀለና ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ጠበቀኝ። ጽሑፌ ፍላሽ ላይ ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ጥፋቱ የሊኑክስ አልነበረም። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚመጣው ሪፖዚተሪ ከሚባል መጋዘን ነው። መጋዘኑ የዕቃዎቹን ዝርዝር በዲጂታል ቁልፍ ይፈርማል። ጫኚው «አፕት» መጀመሪያ ፊርማውን ያያል፤ ከዚያ የወረደውን ፓኬጅ ዝርዝሩ ላይ ካለው አሻራ ጋር ያመሳክራል። መንገድ ላይ የነካካው ሰው ካለ ይያዛል። እኔ «ትረስትድ ዬስ» ስል ዘበኛውን «ሂድ ተኛ» ማለቴ ነበር። ፓኬጅ ደግሞ የሚጫነው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሆነ፣ ክፉ ሰው የሠራው ከሆነ የማይደርስበት ጓዳ የለም።

«ዋናው መጋዘን ያለው አሮጌ ስሪት ነው» የሚሉ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። የደኅንነት ጥገና ይመጣል፤ አዲስ ነገር ግን ይዘገያል። እኔም የውጭ ምንጭ አትጨምሩ አልልም። ስትጨምሩ ግን ከፕሮግራሙ ሠሪ ከራሱ ይሁን፤ ቁልፉንም ከዚያው ውሰዱ። የስሪታችሁን ስም አመሳክሩ፤ 24.04 ከሆነ «ኖብል» መባል አለበት። ሥራችሁን ስትጨርሱ መስመሯን አጥፉ። ፊርማም ቢሆን ዕቃው ከማን እንደመጣ እንጂ ሰውየው ደግ መሆኑን አይነግራችሁም፤ ያንን ማጣራት የእናንተ ሥራ ነው።

ስልካችሁም ላይ ነገሩ ያው ነው። የማታውቁትን ሰው ቤታችሁ አታሳድሩም አይደል? ታዲያ ፎቶአችሁና የባንክ መተግበሪያችሁ ያሉበት ስልክ ከቤት በምን ያንሳል?