«አቻ እንወጣለን» ተባብለው ነበር

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። የዛሬው ምሳሌዬ ግን ከጠጅና ከብርሌ አገር አይደለም፤ ከጃፓን ነው። «ደሞ ዛሬ ምን ሊያወራ ነው?» እንደምትሉ ይገባኛል። ትንሽ ታገሱኝ ጎበዝ! ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤውን ካነበብኩ ጀምሮ አንድ የትግል ግጥሚያ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ደብዳቤውን ባጭሩ። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠቅስም። ከአንድ የልብ ጓደኛው ጋር አንድ ቦታ ይሠራሉ። የኃላፊነት ቦታ ተለቀቀና ማስታወቂያ ወጣ። ሁለቱም መስፈርቱን ያሟላሉ። «እኔ ከሱ በታች ሆኜ መሥራት አልፈልግም፣ እሱም ከኔ በታች መሆን አይፈልግም። ስለዚህ ሁለታችንም ላንወዳደር ቃል ተገባባን» ይላል። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ግን ጓደኝዬው ሹልክ ብሎ ተመዘገበ። ቦታውንም ያዘ።

«ቃል መግባታችንን የቢሮው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር» ይላል ልጁ። «አሁን በኮሪደር ሳልፍ ይሳሳቁብኛል። አንጀቴ አሯል። ከሥራ የሚያስባርረው አንድ ነገር በእጄ አለ። ልበቀለው ወይስ ልተወው?»

ወንድሜ፣ መልሴን ከማግኘትህ በፊት ከኔ ጋር ቶኪዮ ደርሰህ ተመለስ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1992 ነው፤ በኛ ጥቅምት 13 ቀን 1985 መሆኑ ነው። ቦታው ቡዶካን የሚባለው አዳራሽ፣ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለጁዶ ውድድር ተብሎ የተሠራው። ሪንጉ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የአንድ አገር ልጆች ናቸው እንጂ የአንድ ዓለም ሰዎች አይመስሉም።

አንደኛው ኮጂ ኪታኦ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ አንድ ሴንቲ ብቻ የቀረው፣ ክብደቱ ከ150 ኪሎ በላይ፣ ተራራ የሚያህል ሰው። የድሮ የሱሞ ታጋይ ነው። ሁለተኛው ኖቡሂኮ ታካዳ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ83፣ ክብደቱ መቶ ኪሎ ገደማ። ብቻውን ስታዩት ግዙፍ ነው፤ ከኪታኦ አጠገብ ሲቆም ግን ታናሽ ወንድሙ ነው የሚመስለው። የታካዳ ሀብቱ እግሩ ነው። ሲራገጥ ድምፁ አዳራሽ ይሞላል።

እዚህ ላይ የጃፓንን ሬስሊንግ ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ሙያ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ትግሉ ያማል፣ ላቡም የእውነት ነው፣ መጨረሻው ግን በስምምነት ነው። ስለዚህ ባለሙያው የሚለካው በማሸነፉ ብቻ አይደለም፤ በመሸነፍ ችሎታውም ነው። ዛሬ አንተ ትወድቅልኛለህ፣ ነገ እኔ እወድቅልሃለሁ፤ እንጀራችን አንድ ነው። እንደ ዕቁብ በሉት። የታካዳ ድርጅት ደግሞ በ1991 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ትግሉን የእውነት አስመስሎ በማቅረብ ነበር ስሙ የገነነው። ገመድ ላይ መንጠልጠልና መዝለል የለም። እርግጫና የክንድ ጥምዘዛ ብቻ።

ኪታኦ ግን ከዕቁቡ መብላት እንጂ መክፈል የማይወድ ሰው ነበር። ታሪኩን ከሥሩ ላምጣላችሁ።

በሱሞ ትልቁ ማዕረግ ዮኮዙና ይባላል። ኪታኦ በ1986፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ፉታሃጉሮ በሚል የመድረክ ስም 60ኛው ዮኮዙና ሆነ። ማዕረጉን ሲያገኝ በትልቁ ምድብ አንድም ዋንጫ አልነበረውም። ወደፊት ይበላል ተብሎ ነው የተሾመው፤ በብድር የተሰጠ ዘውድ በሉት። ዋንጫው ሳይመጣ በ1987 መጨረሻ ከአሠልጣኙ ጋር ተጣልቶ ከሚኖርበት የሱሞ ቤት ወጣ። ከሱሞም በዚያው ተሰናበተ። ዕድሜው 24 ነበር። በዘመናችን ሱሞ አንድም ዋንጫ ሳይበላ የቀረ ዮኮዙና እሱ ብቻ ነው።

በ1990 ወደ ሬስሊንግ መጣ። በመጀመሪያው ግጥሚያው ቶኪዮ ዶም ውስጥ አሸነፈ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከድርጅቱ አለቆች ጋር ተጣላና ተባረረ። ሌላ ድርጅት ተቀበለው። ሚያዝያ 1 ቀን 1991 ኮቤ ከተማ ላይ ደግሞ ጆን ቴንታ ከሚባል ካናዳዊ ጋር ገጠመ። ቴንታም በሱሞ ያለፈ ሰው ነው። ግጥሚያው ተበላሸ። ኪታኦ ማይክሮፎኑን ያዘና በሕዝቡ ፊት «ይሄ እኮ የውሸት ነው!» የሚል ነገር ጮኸ። የራሱን ጓደኞች እንጀራ፣ የራሱንም እንጀራ፣ በአንድ አፍ ረገጠው። እዚያም ተባረረ።

እንግዲህ ታካዳን ሊገጥም የመጣው ኪታኦ ይሄ ነው። ከሁለት ቤት የተባረረ፣ ሦስተኛውን የሚያንኳኳ። መሸነፍ ግን አሁንም አይወድም። ቆየት ብሎ ከሙያው ሰዎች የተሰማው ታሪክ እንደሚለው ድርድሩ አስቸጋሪ ነበር። ኪታኦ «አልሸነፍም» አለ። ታካዳም የድርጅቱ ቁጥር አንድ ነውና እሱ ቢወድቅ ድርጅቱ ይወድቃል። ምን ይሻላል? «አቻ እንውጣ» ተባባሉ። ማንም አያሸንፍ፣ ማንም አያፍር።

ወንድሜ፣ እስካሁን ያንተን ታሪክ አልመሰለህም?

ግጥሚያውን በስልኬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዙሮቹ የሦስት ሦስት ደቂቃ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ታካዳ ዙሪያውን እየተሽከረከረ የትልቁን ሰውዬ እግር ይራገጣል። ኪታኦ ሊይዘው ይሞክራል። ከያዘው በክብደቱ ይጨፈልቀዋል፣ ካልያዘው ይረገጣል። ዝሆንና ፈረስ በሉት። ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው አቻ ለመውጣት ጥሩ እየሄደ ነው የሚመስለው።

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ታካዳ ቀኝ እግሩን አነሳ። እንደ እስካሁኑ ወደ ታች አልሄደም፤ ወደ ላይ ወጣ። ያ ሁሉ ቁመት እያለ እግሩ ኪታኦን ጭንቅላቱ ላይ አገኘው። ተራራው ተናደ። ዳኛው ይቆጥራል። አሥር ሲሞላ ኪታኦ እግሮቹ አልታዘዙለትም። አለቀ። ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ቢደመር የትግሉ ጊዜ ሰባት ደቂቃ አይሞላም።

አዳራሹ ተናወጠ። ሕዝቡ በደስታ አበደ። እኔም እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ «እሰይ!» ብያለሁ። ቆየት ብዬ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ቃል የተበላው ኪታኦ ነው። እሱ አቻ ነው ብሎ ያመነውን ግጥሚያ ሌላው በእርግጫ ዘጋው። ታዲያ ለምን ለተከዳው አላዘንኩም? ለምን የከዳውን አጨበጨብኩለት?

መልሱ ኮቤ ላይ ነው ያለው። በአደባባይ «ይሄ የውሸት ነው» ብሎ የሁሉንም ሙያ ያዋረደ ሰው፣ የእውነቱ እርግጫ ሲያገኘው ማን ይዘንለት? ለማንስ አቤት ይበል? «አቻ ልንወጣ ተስማምተን ነበር፣ እሱ ግን የምር መታኝ» ይበል? ያን ቀን በማይክሮፎን የጮኸው ሰው ይህን ቢል ከልቅሶው ይልቅ ሳቁ አይበዛም? አያችሁ፣ ክፉ ቀን ሳይመጣ በፊት ነው ሰው ጠበቃውን የሚያጣው።

ይህን ስል ግን ታካዳ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ስምምነቱ እንደተወራው ከነበረ፣ ቃል መብላት ቃል መብላት ነው። ተበዳዩ ጠባዩ መጥፎ ስለሆነ በደሉ ጽድቅ አይሆንም። ያልተዘጋጀን ሰው ጭንቅላት መምታት ደግሞ ጨዋታ አይደለም፤ ሰው ይገድላል። ታካዳ በዚያች እርግጫ ትልቅ ስም አተረፈ። ግን ስምም ብድር ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ይጠየቃል።

ቀኑ ጥቅምት 11 ቀን 1997 ደረሰ። ፕራይድ የሚባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ቶኪዮ ዶም ላይ ተካሄደ። ይሄኛው አስቀድሞ አሸናፊው የሚወሰንበት አይነት አልነበረም። ታካዳ ሪክሰን ግሬሲ ከሚባለው ብራዚላዊ ጋር ገጠመ። በ4 ደቂቃ ከ47 ሴኮንድ ክንዱን ተጠምዝዞ እጅ ሰጠ። ያ ሁሉ ስም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተነነ። የሚገርመው ምን መሰላችሁ? በዚያው ምሽት፣ በዚያው ሪንግ ላይ፣ ኪታኦም ተጋጥሞ ነበር። ኔታን ጆንስ የሚባለውን ግዙፍ አውስትራሊያዊ አሸነፈ። ከአምስት ዓመት በፊት የተዘረረው አሸንፎ ሲወርድ፣ የዘረረው ተሸንፎ ወረደ። ኪታኦ እንዲህ እንዲሆን ምንም አላደረገም። ጊዜ ነው የሠራው።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። ከደብዳቤህ ለአንባቢዎቼ ያላነበብኩላቸው አንድ መስመር አለ። በጎን ጣል አድርገህ ያለፍካት ናት። «ባለፈው ዓመት በስብሰባ መሀል ተነስቼ፣ እዚህ ቤት የሚቀርበው ሪፖርት ሁሉ ድራማ ነው ብዬ ፍርጥ ስላደረግኩት ብዙዎቹ አይወዱኝም» ትላለህ። ሪፖርቱን ከሠሩት አንዱ ጓደኛህ መሆኑንም ጽፈሃል። ያ ስብሰባ ያንተ ኮቤ ነው። ምናልባት የተናገርከው እውነት ይሆናል። ግን ጓደኛህን አስቀድመህ ለብቻው ጠርተህ ነገርከው? ወይስ እሱም ከሰው እኩል ነው የሰማው? በኮሪደሩ የሚሳቀው ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው።

አንደኛ፣ በቀሉን ተወው። «የሚያስባርረው ነገር በእጄ አለ» ያልከው የምር ጥፋት ከሆነ፣ ቦታውን ከመያዙ በፊትም ጥፋት ነበር። ያኔ ዝም ብለህ ዛሬ ስትናደድ ከኪስህ ካወጣኸው፣ ማንም እውነት ወዳድ አይልህም። ቂመኛ ነው የሚልህ።

ሁለተኛ፣ ሄደህ ለብቻው አናግረው። ሰው ሳይሰማ፣ ሻይ ይዛችሁ። «ቃል ገብተን ነበር፣ በልተኸዋል፣ አሞኛል» በለው። ከዚያ የስብሰባውን ነገር አንተው አንሳ። «እኔም ያን ቀን በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ» በል። የመጀመሪያውን ለመናገር ወኔ ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ለመናገር ደግሞ እጥፍ ይጠይቃል። ይቅርታ ከጠየቀህ ጥሩ፤ ካልጠየቀህም ያንተን ዕዳ ከፍለህ ትወጣለህ።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ውል አትግባ። «እኔ ከሱ አልወርድም፣ እሱም ከኔ አይወርድም» ብለው ሁለት ኩሩዎች የሚያስሩት ቃል ሰላም አይደለም። ጠቡን ለሌላ ቀን ማሳደር ነው። ከሁለቱ አንዱ እግሩን የሚያነሳበትን ሰዓት እየጠበቀ ነው። ብትወዳደሩና አንዳችሁ ብትሸነፉ ኖሮ፣ ተሸናፊው ሁለት ሳምንት ይከፋው ነበር፤ ጓደኝነታችሁ ግን በተረፈ።

ቦታውን ለያዝከው ጓደኛም፣ ይህን ካነበብክ፣ አንድ ቃል አለኝ። እርግጫህ ተሳክቷል። ወንበሩ ያንተ ነው። ግን ከዛሬ ጀምሮ ከሥርህ ያሉት ሰዎች ሁሉ ቃልህን ሲሰሙ እግርህን ነው የሚያዩት። ቀድመህ ሂድና ጓደኛህን አናግረው።

ኪታኦ መጨረሻው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። በ1998 ከትግል ተሰናበተ። በ2003 ደግሞ ያ በ1987 ተጣልቶ የወጣበት የሱሞ ቤት፣ አዲስ አለቃ መጥቶለት ነበርና፣ መልሶ ጠራው። ወጣት ታጋዮችን እንዲመክር። ሄደም። በር በርግዶ የወጣበትን ቤት ከ16 ዓመት በኋላ በአማካሪነት ገባበት። የካቲት 2019 በኩላሊት ሕመም ሲያርፍ ዕድሜው 55 ነበር።

እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወድለት ይህችን ነው። ሰባት ደቂቃ በማይሞላው ግጥሚያ የወደቀው ሰውዬ ለመነሳት አሥር ቁጥር አልበቃውም። አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀበት፤ ግን ተነሳ። አንተ ገና 26 ዓመትህ ነው፣ ወንድሜ። ዳኛው መቁጠር የጀመረው አሁን ነው።

ያደረስከውን ጻፍልኝ። ቸር ሰንብቱ!