እጅን ሳይታጠቡ በሽተኛ መጠየቅ

የታመመን መጠየቅ የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን አንዱን በሽተኛ ዳስሶ በዚያው እጅ ሌላውን መጨበጥ፥ በሽታ ማመላለስ እንጂ መጠየቅ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1847 ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም በቪዬና ሆስፒታል ሲሠራ፥ በሐኪሞች ክፍል የሚወልዱ እናቶች በአዋላጆች ክፍል ከሚወልዱት ይልቅ እጅግ በዝተው ሲሞቱ አየ። ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ በቈዩበት እጃቸው ያዋልዱ ኖሯል! በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ፥ በኤፕሪል ከመቶ 18 የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 ወረደ። አያሌ ባልደረቦቹ ግን ምክሩን አልተቀበሉትም (የተማረ ሰው እጅ ቈሸሸ መባሉ ያስቀይማልና)።

እናቴ ሐኪም ቤት በተኛች ጊዜ፥ አንድ ሽማግሌ የጎረቤቷን ሕመምተኛ ጨብጠው ወደ እርሷ ሲመጡ፥ «አባባ፥ እጅዎን ይታጠቡ» ለማለት አፍሬ ዝም አልሁ። ወላጆቻችን እንደ ድፍረት ባይቈጥሩብኝ፥ ከእንግዲህ ውሃና ሳሙና ይዤ በር ላይ እቆማለሁ።