በተዳፋት ቦታ ለሚገነቡ ትምህርት ቤቶች ተደራሽነት ከንድፍ ይጀምራል

የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያና መጸዳጃ ቤት እንዲኖራቸው ማድረግ፣ ከ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ወዲህ የሕግ ግዴታ ሆኗል። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ግን የግዴታው ፈተና የመሬቱ ተዳፋትነት ነው።

በተለመደው የአንድ ለ12 መለኪያ፣ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ወለል 6 ሜትር ርዝመት ያለው የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ይሻል። በሩ በተዳፋቱ የላይኛው ወገን ቢከፈት ግን ወለሉን ከደጁ ጋር ማስተካከል ይቻላል። ይህ በንድፍ ወቅት ቀላል ማሻሻያ ሲሆን፣ ከግንባታ በኋላ ማፍረስንና ተጨማሪ በጀትን ይጠይቃል።

የመማሪያ ክፍሉ ብቻ ተደራሽ መሆኑም በቂ አይደለም። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ ደረጃ ከሆነ፣ ተማሪው ትምህርቱን ለማቋረጥ ሊገደድ ይችላል። በመሆኑም የሚመለከታቸው የወረዳ ኃላፊዎች ርክክብ ከመፈጸማቸው በፊት፣ ከግቢው በር እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለውን መንገድ በተሽከርካሪ ወንበር ማስፈተሽ ይጠበቅባቸዋል።