አብሽ ኢንሱሊንን አይተካም

እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ የእኛ የኢትዮጵያውያን ጓዳ አብሽ አያጣም። አሁን አሁን ግን ከቅመምነት ወደ መድኃኒትነት እየተሻገረ ነው። በዋትስአፕ ከስልክ ስልክ የሚዞሩት ቪዲዮዎች «ሲዘፈዘፍ ያደረ የአብሽ ውሃ በባዶ ሆድ ጠጡ፣ ስኳር ይለቃችኋል፣ ኪኒኑንም ተዉት» ይላሉ።

የሚያስቆጣኝ ይህ «ተዉት» የሚለው ነው። ከኢትዮጵያ ስንመጣ የስኳር በሽታ በመካከላችን እምብዛም አልነበረም። ነጩ ዱቄት፣ ጣፋጩ መጠጥና ተቀምጦ መዋል ሲበዛ ግን ቤታችን ገባ። ምክሩ የሚደርሰው እንግዲህ መርፌና ኪኒን ለያዘ ሰው ነው።

አብሽ ከንቱ ነው አልልም። ዝልግልጉ አሰር ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ በጥናትም መጠነኛ ቅናሽ ታይቷል። ሆኖም ብዙዎቹ ጥናቶች በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ የሰጡት የአብሽ መጠንም ይለያያል። ኢንሱሊን የሚያስጥል ማስረጃ የለም። ከመድኃኒት ጋር በብዛት ከተጠጣ ደግሞ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይመጣል።

ቪዲዮው ማስረጃ ብሎ የሚያሳየው ጣት ተወግቶ የተነበበ የአንድ ጠዋት ቁጥር ነው። እራት ሳይበላ ያደረ ሰውም ቁጥሩ ሊወርድለት ይችላል። የሦስት ወር ገደማውን አማካይ የሚናገረው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ነው፤ እሱን ይዞ የሚቀርብ ግን አላየሁም።

ይህን ስንል ቪዲዮውን የሚያሰራጩት «የአባቶችን ጥበብ ናቃችሁ» ይሉናል። ጥበብን ማክበር ምን እንደሆነ ግን አንድ ታሪክ ያሳየናል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ሞተው የተንሳፈፉ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አክሊሉ የሴቶቹን እንዶድ አልናቁም፤ በዚያው ቀን መድኃኒት ተገኘ ብለውም አላወጁ። ላቦራቶሪ አስገብተው ምን ያህሉ እንደሚገድል፣ ሌላውን ፍጥረት ምን እንደሚያደርገው ለዓመታት መረመሩ። ጥበብን ማክበር ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ጥፋቱን ግን ቪዲዮውን በሚያምኑ እናቶቻችን ላይ ብቻ መጫንም ግፍ ነው። በጤና መድኅን ክሊኒኩ፣ በኩፓት ሆሊም ያለው ሐኪም በዕብራይስጥ ተጣድፎ ሲያሰናብታቸው፣ ስልኩ በአማርኛ ቀስ ብሎ ያወራቸዋል። ሐኪሙ «ቤት ውስጥ ሌላ የምትጠጪው ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አስተርጓሚ ካስፈለገም ይጥራ። እኛም የአብሹን ነገር ሳናፍር እንንገረው። ኪኒኑ ግን እሱ ሳያውቅ አይቋረጥ።