ሁለት ሳምንት ያለፈው የአፍ ቁስል፦ የአፍ ካንሰር ልየታና የናሙና ምርመራ

በአፍ ውስጥ የሚነሣ ካንሰር ከብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ለማየት ውስብስብ መሣሪያ አይጠይቅም። ምላስ፣ ድድ፣ ላንቃ፣ ከንፈርና የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በቂ ብርሃንና የሠለጠነ ዓይን ካገኙ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይመረመራሉ። እንዲህም ሆኖ በሀገራችን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታሎች ከሚደርሱ የአፍ ካንሰር ታካሚዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ሕመሙ ወደ መንጋጋ አጥንት ወይም ወደ አንገት ንፍፊት ከተዛመተ በኋላ ነው። በዓይን የሚታይ በሽታ ይህን ያህል ዘግይቶ መገኘቱን የመሣሪያ እጥረት ብቻውን አያስረዳውም። አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው ታካሚው ቁስሉን ካስተዋለበት ቀን አንሥቶ የናሙና ምርመራ ወይም በተለምዶ ባዮፕሲ የሚባለው እስከሚደረግለት ቀን ድረስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 በመላው ዓለም ወደ 390 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር ተይዘዋል፤ በዚያው ዓመት 188 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሌላ በኩል በአሜሪካ የተጠናቀሩ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር መዝገቦች እንደሚያሳዩት፣ ዕጢው ከተነሣበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘባቸው ታካሚዎች ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ ሲገኝ ግን ይህ ድርሻ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ትንሽ ዕጢ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይወገዳል። የዘገየው ግን የመንጋጋን አጥንት እስከ መቁረጥ፣ የአንገት ንፍፊቶችን እስከ ማውጣት፣ ከዚያም የጨረር ሕክምናና ኬሞቴራፒ እስከ መጨመር ያደርሳል። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ ወደ ክልሎች መስፋፋት የጀመረው በቅርብ ዓመታት መሆኑን ለሚያውቅ ተገልጋይ፣ ቀድሞ መመርመር ከረጅም ጉዞና ከተራ ጥበቃም የሚያድን መሆኑ አይሰወረውም።

ታዲያ የማኅፀን በር ካንሰር ልየታ እንደሚደረገው ሁሉ፣ የአፍ ልየታም ለሁሉም አዋቂ ሰው በዘመቻ መሰጠት አለበትን? ለዚህ ጥያቄ እስካሁን በስፋቱ ቀዳሚ የሆነው ማስረጃ የተገኘው ከደቡብ ሕንድ ከኬረላ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በትሪቫንድረም አካባቢ በተጀመረው ጥናት 13 መንደሮች በሁለት ተከፍለው፣ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወደ 190 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተካተዋል። በግማሾቹ መንደሮች የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ የነዋሪዎችን አፍ በዓይን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ሁሉም ተመርማሪዎች በአንድነት ሲታዩ በሞት መጠን ላይ አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም፤ ትንባሆ ወይም አልኮል በሚጠቀሙት ዘንድ ግን በአፍ ካንሰር የሚከሰት ሞት በ34 በመቶ ቀንሷል። የኬረላ ነዋሪዎች ትንባሆን ከቢትል ቅጠልና ከአሬካ ፍሬ ጋር የማኘክ ልማድ ስላላቸው ውጤቱ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ሊገለበጥ አይችልም። ሆኖም አንድ አቅጣጫ ያሳያል፦ ውሱን የሆነው የባለሙያ ጊዜ ይበልጥ ፍሬ የሚሰጠው ለሕመሙ የተጋለጡት ሰዎች በማንኛውም ምክንያት ወደ ጤና ተቋም በመጡ ጊዜ አፋቸው እንዲታይ ቢደረግ ነው።

የተጋለጡት እነማን ናቸው? ሲጋራ፣ ጋያና ሺሻ የሚያጨሱ፣ ሱረት የሚስቡ ወይም በከንፈርና በጉንጭ የሚይዙ፣ አልኮልን በብዛትና በየዕለቱ የሚጠጡ ሰዎች በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። ትንባሆና አልኮል በአንድነት ሲወሰዱ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ብቻ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ያባብሳል። በሱዳን ቶምባክ፣ በየመንና በደቡባዊ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ሸማ የሚባሉት ጭስ አልባ የትንባሆ ዓይነቶች ከአፍ ካንሰር ጋር ያላቸው ግንኙነት የታወቀ በመሆኑ፣ በእነዚህ አገሮች ኖረው የተመለሱና ልማዱን ይዘው የመጡ ዜጎች ይህንኑ ለባለሙያው ቢገልጹ ይጠቀማሉ። በጫት ላይ የተደረጉ ጥናቶች የመጨረሻ ድምዳሜ ላይ አላደረሱም። ጫት በሚያዝበት ጉንጭ በኩል ነጣ ያለ ለውጥ እንደሚታይ ግን ይታወቃል፤ ቃሚው ብዙውን ጊዜ የሚያጨስም ስለሆነ ይህ ነጭ ለውጥ «የጫት ምልክት ነው» ተብሎ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም። የቆዳ ቀለም አልባነት ያለባቸው ወገኖች በፀሐይ ምክንያት ለከንፈርና ለፊት ካንሰር የተጋለጡ ናቸው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ደግሞ በላንቃቸው ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው እብጠት ካዩ ለክትትል ክፍሉ ሳይዘገዩ ማሳየት ይኖርባቸዋል።

ሕመሙ በአብዛኛው ስለማያም ሰው ይዘናጋል። መነሻው ላይ የአፍ ካንሰር የሚቆረጥምና የሚያቃጥል ቁስል ላይሆን ይችላል፤ በፎጣ ቢጠረግ የማይለቅ ነጭ ንጣፍ፣ ከዚያም ይልቅ የሚያሠጋው ደማቅ ቀይ ንጣፍ፣ ጠርዙ የጠነከረ ቁስል፣ በምላስ ጎን ወይም ከምላስ ሥር የሚዳሰስ ጓጎላ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ የከንፈር ወይም የአገጭ መደንዘዝ፣ ሳያምም የቆየ የአንገት ንፍፊት ሊሆን ይችላል። መለኪያው ጊዜ ነው። የተለመደው የአፍ ቁስል በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሽራል። በሕዝቡ ዘንድ ምች የሚባለውና በከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውም እንዲሁ ነው፤ ዳማከሴ ተቀባም አልተቀባ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያለፈው ቁስል ምች ነው ሊባል አይገባውም። በሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም በተሰበረ ጥርስ ጠርዝ የተነሣ ቁስልም ምክንያቱ ተስተካክሎ በሁለት ሳምንት ካልዳነ እንደ ማንኛውም አጠራጣሪ ቁስል ይታያል።

የሚያስፈራ የሚመስል ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጉዳት የሌለው ለውጥም አለ። የድድ መጥቆር በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የተፈጥሮ መልክ ነው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የድድ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ቀለሙ ከንቅሳት የመጣ መሆኑን ለመርማሪው ቢነግሩት አላስፈላጊ ጭንቀትና ምርመራ ይቀራል። አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም የሚደማ ጥቁረት ከሆነ ግን ከዚህ ተለይቶ መታየት አለበት።

ለመዘግየት ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ በራሱ በሕክምና መንገድ ላይ የሚገኝ ነው። ድድ ላይ የተነሣ ዕጢ ጥርስን ያነቃንቃል፤ ታካሚው ጥርሱን ለማስነቀል ይመጣል፤ ጥርሱ ይነቀላል፤ ቁስሉ አልሽር ሲል የተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ሳይሻለው ሌላ መድኃኒት ይቀየርለታል። በዚህ ዑደት ወራት ያልፋሉ። ጥርስ የተነቀለበት ጉድጓድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥጋ መሙላት ሲገባው ይባስ ብሎ እብጠት ካወጣ፣ ታካሚው «ናሙና ሊወሰድልኝ ይገባል ወይ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት የሚቆጥር ባለሙያ ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። «ካንሰር ብረት ከነካው ይሠራጫል» የሚለው አባባል በከተማም በገጠርም ይሰማል፤ ብዙዎችም በዚህ የተነሣ ቀጠሯቸውን ይተዋሉ። አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። ታካሚው ዘግይቶ ይመጣል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ከዚያም ሕመሙ አስቀድሞ ስለገፋ ሰውየው ብዙ ሳይቆይ ያርፋል፤ ያየው ቤተሰብ የመጨረሻውን ክስተት ማለትም ምላጩን ተጠያቂ ያደርጋል። ነገሩ በቅደም ተከተሉ ሲታይ ግን ገዳዩ የቀደሙት ወራት ናቸው። ከአፍ የሚወሰድ አነስተኛ ናሙና ካንሰርን በሰውነት ውስጥ እንደማያሠራጭ የሕክምና ሳይንስ የተቀበለው ሲሆን፣ ያለ ናሙና ውጤት የቀዶ ሕክምናም ሆነ የጨረር ሕክምና አይጀመርም። በአንዳንድ ቦታዎች ለልየታ የሚያገለግሉ ቀለሞችና ልዩ መብራቶችም ቢሆኑ አጠራጣሪውን ስፍራ ከመጠቆም አልፈው የናሙና ምርመራን አይተኩም።

የናሙና አወሳሰዱ ራሱ ብዙዎች ከሚገምቱት የቀለለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስፍራው የማደንዘዣ መርፌ ተሰጥቶ፣ ከአጠራጣሪው ክፍል ትንሽ ቁራጭ ይነሣል፤ ለውጡ ትንሽ ከሆነም በሙሉ ይወጣል። ሥራው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በስፍራው ብቻ በሚደነዝዝ መርፌ ለሚደረግ ምርመራ በባዶ ሆድ መምጣት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ምግብ በልቶ መምጣት ይሻላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ለማደንዘዣ አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ከምርመራው በኋላ ድንዛዜው እስኪለቅ ትኩስ ቡናና ሻይ መጠጣት አያስፈልግም፤ ከንፈርና ምላስ ሳይታወቅ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ደም ቢፈስ ንጹሕ ጎዝ ነክሶ ለ20 ደቂቃ ያህል መያዝ፣ ለጥቂት ቀናት በርበሬ የበዛበትንና ጠንካራ ምግብን ትቶ ለስለስ ያለውን መመገብ፣ ከማግሥቱ ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ ይበቃል። ሲጋራና ጫት ቁስሉን ያዘገያሉ። በአንገት ላይ ንፍፊት ካለ ደግሞ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል።

በሀገራችን ነባራዊ ሁኔታ ናሙናውን ታካሚው ወይም አስታማሚው ራሱ ይዞ የፓቶሎጂ ምርመራ ወደሚሰጥ ሌላ ተቋም የሚሄድበት አጋጣሚ አለ። ይህ ሲሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁራጩ መቀመጥ ያለበት ፎርማሊን በተባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ የፈሳሹ መጠን የቁራጩን አሥር እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ፈሳሹ ፈስሶ ቢያልቅ በውኃ፣ በአልኮል ወይም በአረቄ መተካት፣ ዕቃውን በረዶ ቤት ማስቀመጥ ናሙናውን ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ ታካሚው ዳግመኛ ሊቆረጥ ነው። ክዳኑ መጥበቁን፣ የታካሚው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና ናሙናው የተነሣበት የአፍ ክፍል በዕቃው ላይም በቅጹም ላይ መጻፉን ማረጋገጥ ለመሄድ ከመነሣት በፊት የሚደረግ ነው። ፎርማሊን መርዛማ ስለሆነ ከሕፃናት ይራቅ።

ውጤቱ ሲደርስ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይናገራል። ካንሰር ካልሆነና ሌላ የታወቀ ሕመም ከሆነ ለዚያ የሚገባው ሕክምና ይሰጣል። ካንሰር ከሆነ የመዛመት ደረጃውን የሚያሳዩ ተጨማሪ ምርመራዎች ይከተላሉ። ብዙ ተገልጋዮችን ግራ የሚያጋባው መካከለኛው ነው፤ ሕዋሳቱ መልካቸው ተለውጧል፣ ካንሰር ግን ገና አልሆኑም። ለውጡ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ተብሎ ይመደባል። ከባዱ ብዙ ጊዜ ይወገዳል፤ ቀላሉ ደግሞ ትንባሆን በማቆምና በየተወሰነ ወራት ተመላልሶ በመታየት ይጠበቃል። «ካንሰር አይደለም» መባሉን ብቻ ሰምቶ ቀጠሮን መተው በዚህ ምድብ ውስጥ ላለ ሰው ትልቁ ሥጋት ነው። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ቁስሉ ግን እየሰፋ ከሄደም፣ የተነሣው ቁራጭ ሕመሙ ያለበትን ስፍራ ስቶት ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ይደገማል።

አገልግሎቱን ለማግኘት መነሻው በአቅራቢያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሁለት ሳምንት ያለፈውን የአፍ ቁስል ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፤ ከዚያም የጥርስ ወይም የአፍና የመንጋጋ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይጻፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪው ሳይሸፈንላቸው ሊቀር ስለሚችል፣ የታደሰ የአባልነት መታወቂያና የሪፈር ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። በወረቀቱ ላይ ቁስሉ የታየበት ቀን፣ እስካሁን የተወሰዱ መድኃኒቶችና የተነቀለ ጥርስ ካለ የተነቀለበት ቀን እንዲጻፍ መጠየቅ፣ ተቀባዩ ባለሙያ ያንኑ መድኃኒት ዳግመኛ ሳይሞክር በቀጥታ ወደ ናሙና እንዲያልፍ ይረዳዋል። የፓቶሎጂ ውጤቱ ዋናው ቅጂ ደግሞ በታካሚው እጅ ይቀመጥ፤ በቀጣዩ ሆስፒታል በመጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው።